አንድ ሎጎ ለማግኘት ስንት ይሞከር?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና ሰው በየከተማው የተሰቀሉትን ታፔላዎች ቢያስተውል አብዛኛው ድርጅት ሎጎ እንዳለው ያያል። ጤፍ ነጋዴው አለው፣ ወፍጮ ቤቱ አለው፤ ክሊኒኩም፣ ካፌውም፣ የግል ትምህርት ቤቱም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም አላቸው። ልዩነታቸው ግን ጥቂት ነው። በክብ ውስጥ የገባ የእህል ዘለላ፣ ከተከፈተ መጽሐፍ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ፣ የተጨባበጡ ሁለት እጆች፣ ዙሪያውን ደግሞ የድርጅቱ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ስሙ ቢሸፈን የማን እንደሆነ የሚታወቀው ከስንት አንዱ ነው። መመሳሰሉ የምሥራቅ ጎጃም ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም በዚሁ የተሞላች ናት። በትንሽ ከተማ ግን ጉዳቱ ይከብዳል። የቢቸና ነጋዴ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አያስነግርም፤ ስለ እሱ የሚናገሩለት ታፔላው፣ ማኅተሙና ከረጢቱ ላይ የታተመው ምልክት ናቸው።

ከዚህ መመሳሰል እንዴት ይወጣል ሲባል ከሙያው ሰዎች ሁለት የተለያየ መልስ ይሰማል። አንደኛው ወገን ሙከራን ያስቀድማል፤ ብዙ ይነደፍ፣ ቅርጹ ይገልበጥ፣ ፊደሉ ይቆረጥ ይቀጠል፣ ከብዙው መካከል ያልታሰበው ይገኛል ይላል። ሁለተኛው ወገን ማሰብን ያስቀድማል፤ ድርጅቱን በሚገባ ያወቀ ሰው አንድ ትክክለኛ ሐሳብ ይዞ ያንኑ አጥርቶ ይሥራ፣ የቀረው የወረቀትና የጊዜ ብክነት ነው ይላል። ነገሩ የጣዕም ልዩነት ብቻ ቢሆን ለባለሙያዎቹ ትተነው ባለፍን ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ነጋዴው ነው፤ ጊዜውን የሚያወጣው ደግሞ በአንዲት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተርና ማተሚያ ይዞ የሚሠራው ወጣት ነው። ስለዚህ የሁለቱን ወገን ክርክር በእነዚህ ሰዎች ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

የሙከራው ወገን ዋና ክርክር መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሐሳብ የሁሉም ሰው ሐሳብ ነው የሚል ነው። ጤፍ ሲባል ዘለላ፣ ትምህርት ሲባል መጽሐፍ፣ ጤና ሲባል እባብና በትር የታየው ሰው አላጠፋም፤ ጎረቤቱም ግን ያንኑ አይቷል። አዲሱ ነገር የሚመጣው እነዚህ የታወቁ ሥዕሎች ወረቀት ላይ ወጥተው ካለቁ በኋላ ነው፤ እጅ ከልማዱ ሲላቀቅ ዓይን ያላሰበውን ያያል።

ለዚህ በብዛት ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ የአሜሪካው የመልእክት አመላላሽ ድርጅት ፌዴክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሎጎውን የሠራው ሊንደን ሊደር የድርጅቱን ስም በተለያየ የፊደል ዓይነት እየጻፈ፣ በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት እያሰፋና እያጠበበ ሲሞክር፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት የላቲን ፊደላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስት ሊሆን እንደሚችል አየ። ቀስት ልሥራ ብሎ አልተነሣም፤ ፊደሉን ሲያንቀሳቅስ አገኘው። ካገኘው በኋላ ሁለት የፊደል ዓይነቶችን አዋሕዶ ቀስቱ ጥርት ብሎ እንዲወጣ አደረገ። ብዙ ሰው ሎጎውን ለዓመታት እያየ ቀስቱን ልብ አይልም፤ አንድ ጊዜ ያየው ግን ሁልጊዜ ያየዋል። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ላደገ ጎጃሜ እንዲህ ያለው ደስታ አዲስ አይሆንበትም።

ሌላው ምሳሌ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ ያጠለቀበት እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሎጎ የተሠራው በላንስ ዋይማን ነው። ዋይማን አምስቱን የኦሊምፒክ ቀለበቶችና 68 የሚለውን ቁጥር እያገጣጠመ ሲሞክር የቀለበቶቹ ክብ ከቁጥሮቹ ክብ ጋር ሊዋሐድ እንደሚችል ተገነዘበ። መስመሮቹን ወደ ውጭ እያባዛ ሲሄድ የአገሪቱ ስም በዚያው መስመር ተጻፈ፤ ከስሙ ቅርጽ ደግሞ ለውድድሩ ሁሉ የሚሆን የፊደል ዓይነት ወጣ። የሜክሲኮን ነባር ሕዝቦች የእጅ ጥበብ የሚያስታውስ መልክም ነበረው። እንዲህ ያለውን ነገር ወንበር ላይ ተቀምጦ በማሰብ ብቻ ማግኘት አይቻልም ይላሉ የሙከራው ወገኖች፤ እኔም በዚህ ረገድ እውነት አላቸው ብዬ አምናለሁ።

የሁለተኛው ወገን ትልቁ ስም ዲዛይነሩ ፖል ራንድ ነው። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ1986 ኔክስት ለተባለው አዲስ ድርጅቱ ሎጎ ለማሠራት ሲሄድ ጥቂት አማራጮች እንዲቀርቡለት ፈልጎ ነበር። ራንድ ግን አማራጭ እንደማያቀርብ፣ ችግሩን ግን እንደሚፈታለት፣ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም እንደሚከፍለው ነገረው። ክፍያው 100,000 ዶላር ነበር፤ የቀረበውም አንድ ሎጎ ብቻ፣ ሐሳቡን ደረጃ በደረጃ ከሚያስረዳ መጽሐፍ ጋር። ጆብስም ተቀበለው። ዲዛይነሯ ፖላ ሼር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቲኮርፕና ትራቨለርስ ሊዋሐዱ ሲሉ የአዲሱን ባንክ ሎጎ የመጀመሪያ ንድፍ በአንድ ስብሰባ መካከል በናፕኪን ላይ ጣለችው። የትራቨለርስ ምልክት የነበረው ቀይ ጃንጥላ በላቲኑ "ቲ" ፊደል ላይ ቅስት ሆኖ ተቀመጠ። ይህ ወገን ሐሳቡ ከተገኘ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው የሚለው እነዚህን ይዞ ነው።

ቢቸናና ሞጣ ላይ ግን የዚህ ወገን ክርክር ከራንድ ስም ይልቅ በዋጋ ይጠነክራል። በትናንሽ ከተሞች ባነር በካሬ ይከፈልበታል፣ ማኅተም በፍሬ ይከፈልበታል፣ ታፔላ በብረቱና በቀለሙ ይከፈልበታል፤ ሎጎ ግን ብዙ ጊዜ ምርቃት ነው። ደንበኛው ጠዋት መጥቶ ለቅዳሜ ገበያ የሚደርስ ባነር ያዝዝና "ሎጎም ጣል አድርግበት" ይላል። ለምርቃት ሥራ ሃያ ንድፍ አውጣ ማለት ወጣቱን በነፃ አገልግል ማለት ነው። ሙከራን የሚያወድስ ሁሉ ይህን መመለስ አለበት፤ የሙከራው ዋጋ በማን ላይ ይውደቅ?

ሁለተኛው ወገን የሚያነሣው ሌላም ክርክር አለ፤ ይህኛውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ንድፍ የቀረበለት ደንበኛ አንዱን መርጦ አይሄድም። ከዚህኛው ክቡን፣ ከዚያኛው ቀለሙን፣ ከሦስተኛው ደግሞ ፊደሉን አድርግልኝ ይላል። ማኅበር ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የየራሳቸውን ምርጫ ያስገባሉ፤ የሚወጣውም ማንም ያላሰበው፣ ማንም የማይወደው ጉራማይሌ ነው። በዚህ ደንበኛውን መውቀስ አይገባም፤ ዳኝነት የተሰጠው ያለ መለኪያ ነውና።

ሁለቱን ወገኖች ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ልዩነታቸው ከሚነገረው ያነሰ ነው። ራንድ ለደንበኛው አንድ ብቻ አሳየ እንጂ በገበታው ላይ አንድ ብቻ አልነደፈም፤ ለጆብስ የሰጠው መጽሐፍ ራሱ የፊደሉን አጻጻፍ፣ የሎጎውን ኩብ ማዘንበልና የቀለሙን አመራረጥ እያነጻጸረ የሚያሳይ ነው። የሼር ናፕኪንም ከጀርባው የብዙ ዓመት ሥራ አለው፤ እሷም ራሷ ይህንኑ ደጋግማ ተናግራለች። ስለዚህ የጥያቄው ልብ መሞከር ወይም አለመሞከር አይመስለኝም። ሙከራው በማን ፊት ይሁን፣ በምን ይታሰር፣ መቼስ ይቁም የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከቢቸና ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ዲማ ጊዮርጊስ እዚያው አጠገብ ነው፤ ወደ ሞጣ መንገድ ሲቀጥሉ ደብረ ወርቅ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰሉ ሰዎች የተማሩባቸው የቅኔ አገሮች ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። ብቻውን ወደ ጫካው ጥግ ወይም ወደ መቃብር ቤቱ ወጣ ብሎ ቃሉን ያወጣል ያወርዳል፤ ቤት አልመታ ያለውን ይጥላል፣ ምሥጢሩ የላላውን ያጠብቃል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፤ ያልሆነውን አልሆነም ይላል። የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገምም አያስመሰግንም። ከዚህ የበለጠ የሙከራ ትምህርት ቤት የት ይገኛል?

ነገር ግን ያ ሙከራ ልቅ አይደለም። ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ከዚያ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ጉባኤ ቃናን ሳይችል መወድስ ልዝረፍ የሚል የለም። ልኩ የታወቀ ስለሆነ ነፃነቱ ፍሬ ያፈራል። ደግሞም ተማሪው በጫካው ጥግ የጣላቸውን ሁሉ መምህሩ ፊት አያመጣቸውም፤ የሚያመጣው የመረጠውን ነው። በማኅሌት ቆሞ በጉባኤ ፊት የሚቀኘው ደግሞ ከዚያም የተጣራውን ነው። የቢቸናና የሞጣ ወጣት ዲዛይነር ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገር ሊወስድ ይችላል፤ ብቻን ብዙ መሞከርንና ጥቂት ማሳየትን። ሁለቱ ወገኖች የሚታረቁት እዚህ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ።

በምን ይሞከር ለሚለው ደግሞ መልሴ በፊደሉ ነው። 33ቱ የፊደል ቤተሰቦች በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ እግር፣ ክንድና ቀለበት አለው። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ዕድሜውን ሙሉ ፊደልን እየፈታና እየገጠመ ሸራ ላይ ሲያውለው ኖሯል፤ አሁንም አላለቀለትም። የግራፊክ ዲዛይን ሠራተኞቻችን ግን ስሙን በተዘጋጀ ፎንት ጽፈው ሥዕሉን ከሌላ ቦታ ያመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ከተካተተ ወዲህ ኒያላና አቢሲኒካን የመሰሉ ፎንቶች በቀላሉ ይገኛሉ፤ ከዚያ በፊትም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነበሩ። ጥቅማቸው ትልቅ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ፎንት ሲጽፍ ግን የሁሉም ሎጎ በአንድ ድምፅ ይናገራል።

ሞጣን እንውሰድ። "ጣ" የሚለውን ፊደል ትልቅ አድርጎ ለጻፈ ሰው ሦስት እግርና ከላይ የሚያያይዝ ቅስት ይታየዋል፤ የቀኙ እግር ከሌሎቹ ይረዝማል። ይህ ድልድይ ነው። ሞጣ ደግሞ ድልድይ ያላት አገር ናት፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው፣ ጎጃምን ከጎንደር ያገናኘው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስቱ ፈርሶ "ሰባራ ድልድይ" የተባለው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ተጠግኖ ነበር፤ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት። ከ"ጣ" እግሮች አንዱን ቆረጥ አድርጎ ክፍተቱን ማሳየት፣ ክፍተቱን በቀጭን መስመር መግጠም፣ ወይም ፊደሉን ሙሉ አድርጎ ጥላውን ሰባራ ማድረግ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን በእርሳስ ሊሞከር የሚችል ነው።

እዚህ ላይ እውነተኛ ክርክር ይነሣል። የተሰበረ ነገር ለድርጅት ሎጎ ይሆናል ወይ? አንድ የሞጣ ነጋዴ ሰባራ ነገር በሱቄ ላይ አልሰቅልም ቢል ስሜቱን እረዳለሁ፤ በእኛ ባህል ስብራት የክፉ ምልኪ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ሌላው ደግሞ ድልድዩ የፈረሰው ጠላት እንዳይሻገር ነው፣ ስብራቱ ክብራችን ነው ሊል ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለየው የድርጅቱ ሥራ ነው። ለጉዞና ለመልእክት አገልግሎት ሰባራ ድልድይ አይሆንም፤ ለአገር ቤት ታሪክ ማኅበር ወይም ለአስጎብኚ ግን ከእሱ የተሻለ የለም። እንዲህ ያለው ፍርድ ከሙከራ አይገኝም፤ ከማሰብ ነው የሚገኘው። ሁለተኛው ወገን የሚረታው በዚህ ነው።

በቢቸናም እንዲሁ "ቢ" ፊደል ሁለት እግር ያለው ቅስት ነው፤ በቀኝ እግሩ ሥር ትንሽ መረገጫ አለው። በር ይመስላል፤ ለሆቴል ወይም ለእህል መጋዘን በር መሆን ይችላል። የጤፍ ነጋዴ ከሆነ ዘለላውን ከፊደሉ ውጭ ከመለጠፍ ይልቅ በበሩ ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ ማስገባት ይሞክር። ይሳካል አልልም፤ ብዙው አይሳካም። ያልተሳካው ግን የሚሳካውን ያሳያል።

ስለ ዘለላው ራሱ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ዘለላን መናቅ ተገቢ አይደለምና። ምሥራቅ ጎጃም በጤፍ ከአገሪቱ ቀዳሚ ዞኖች አንዱ ነው፤ ወደ ገበያ ከሚመጣው ገበሬ መካከል ታፔላ የማያነብ ብዙ አለ። ለእሱ ዘለላ ማለት "እዚህ እህል ይገዛል" ማለት ነው፤ ረቂቅ ቅርጽ ምንም አይነግረውም። ለአዲስ ነገር የሚጓጓ ዲዛይነር ይህን ሲረሳ ሎጎው ለሙያ ባልደረቦቹ እንጂ ለገበያተኛው አይሆንም። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የጊዮርጊስ ቢራ ፈረሰኛው ቅዱስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየውን ሥዕል ይዞ ነው እስከ ዛሬ የሚታወቀው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ሥዕል ወስዶ የራሱ አድርጎታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ከአንበሳው ወጥቶ ላባ የሚመስሉ ሦስት ባለ ቀለም ቅርጾች ላይ ሲደርስ አንበሳውን ሙሉ በሙሉ አልጣለውም፤ በአውሮፕላኖቹ አፍንጫ አጠገብ አስቀርቶታል። የታወቀውን ሳይንቁ አዲሱን መፈለግ የሚቻል መሆኑን ሁለቱም ያሳያሉ።

አሁን ደግሞ ነገሩን ያወሳሰበ አንድ አዲስ ነገር አለ። በስልክ ላይ በሚሠሩት በፒክስላብና በካንቫ፣ ከዚያም በሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ሃምሳ ሎጎ ማውጣት ይችላል። ይህ ለሙከራው ወገን የረታለት ይመስላል፤ ሙከራ ረከሰ፣ ማንም ይሞክር። ለጀማሪ በር መክፈቱ እውነት ነው። ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ለረጅም ጊዜ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በመሠረቱት የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ብቻ ተወስኖ በኖረበት አገር፣ ስልክ የያዘ የሞጣ ልጅ ራሱን ማስተማር መቻሉ ደስ ያሰኛል። ቢሆንም ሃምሳውን ሎጎ ማየት ሃምሳ ጊዜ መሞከር አይደለም። ማሽኑ የሚያቀርበው ሌላ ቦታ የተሠራውን እየቀያየረ ነው፤ ሠሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ምን እንደተማረ ሊናገር አይችልም። የእኛ ፊደል ደግሞ ለእነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው፤ የማይነበብ፣ የፊደል መልክ ብቻ ያለው ነገር ጽፈው ያወጣሉ።

ብዛት በራሱ ዋጋ እንደሌለው ሀብታሞቹም አይተውታል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚዲያ ላብ እ.ኤ.አ. በ2011 ኮምፒውተር 40,000 ዓይነት መልክ ሊሰጠው የሚችል ሎጎ አስተዋወቀ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መልክ እንዲኖረው ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ውብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በሌላ፣ ጽኑ በሆነ ሎጎ ተተካ። በሌላ በኩል ጋፕ የተባለው የልብስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ሎጎ አውጥቶ ሕዝብ ሲያጉረመርምበት በሳምንት ጊዜ ውስጥ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። አንዱ በብዛት፣ ሌላው በችኮላ ተሰናከለ።

በኢንተርኔት ላይ ብቻ መመሥረትም በክልላችን አደጋ አለው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ያለ ኔትወርክ የማይከፈት መሣሪያ በዚያን ጊዜ ምንም አልጠቀመም። እርሳስና ወረቀት ግን አልተቋረጡም።

እንግዲህ ሙከራው የሚታሰርበትን ልክ ልናገር፤ ይህም በከተሞቹ ኑሮ የተሰጠ ነው። በእኛ አገር ሎጎ ከሁሉም በፊት ማኅተም ላይ ይገባል። የድርጅቱ ክብ ማኅተም ስፋቱ ከአራት ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ዙሪያው በጽሑፍ ይያዛል፣ ለሎጎው የሚተርፈው የመሐሉ ቦታ ነው፤ ቀለሙ አንድ ነው፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ። ቀጭን መስመር በቀለም ይሞላና ይጠፋል። የቀለም መሸጋገሪያ አይታይም። ጥላ ያለው፣ ወርቃማ የሚያብረቀርቅ፣ ስልክ ላይ ያማረ ሎጎ ማኅተም ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ቀጥሎ ከረጢቱ አለ። መቶ ኪሎ የሚይዘው ማዳበሪያ ከረጢት ገጹ ሽምን ነው፤ ሕትመቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀለም ነው፤ ኩንታሉ ሲሞላ ደግሞ ይለጠጣል። ታፔላው በበኩሉ በፀሐይ ይነጣል፤ ቀዩ ቶሎ ይሄዳል። በእነዚህ በሦስቱ ያለፈ ሎጎ በሌላው ሁሉ ያልፋል።

ይህ ሥራን የሚያከብድ ይመስላል፤ የሚያቀል ግን ነው። ዲዛይነሩ ከመጀመሪያው በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በትንሹ ልክ ቢሞክር ከሃያ ንድፍ አሥራ አምስቱ ራሳቸው ይወድቃሉ፤ ደንበኛው ሳያያቸው፣ ማንም ሳይከራከርባቸው። በጥቂቶቹ ላይ ማሰብ ይጀመራል። ደንበኛው ፊት ሁለት ይቅረቡ፤ በተቻለ መጠን በማኅተምና በከረጢት ላይ ተቀምጠው። ያኔ ሊቀመንበሩም ገንዘብ ያዡም የሚፈርዱበት ነገር ያገኛሉ፤ "የቱን ትወዳለህ" ከሚለው ይልቅ "የቱ ይነበባል፣ የቱ የእኛ ነው" ወደሚለው ይመጣሉ።

ስለ ክፍያውም የሁለቱን ወገን እውነት ማየት ያስፈልጋል። የናይኪን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1971 የሠራችው ተማሪዋ ካሮሊን ዴቪድሰን የተከፈላት 35 ዶላር ነበር፤ ድርጅቱ ካደገ በኋላ አክሲዮን ተሰጣት። ይህን ታሪክ ጠቅሶ ጥሩ ሎጎ በርካሽም ይሠራል የሚል ነጋዴ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይሠራል። ነገር ግን እሷም ቢሆን ጥቂት ንድፎችን አቅርባ ነው አንዱ የተመረጠው፤ ለሠራችባቸው ሰዓታትም ሒሳብ ቀርቦ ነው የተከፈላት። የሰዓት ዋጋ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ምርቃት ግን አልነበረም።

ሎጎ ንብረት መሆኑን ሕጉም ያውቃል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ ምልክት ለሰባት ዓመት እንዲጠበቅና በየሰባት ዓመቱ እንዲታደስ ይፈቅዳል። ለመመዝገብ ግን ምልክቱ አንዱን ነጋዴ ከሌላው የሚለይ መሆን አለበት። ከኢንተርኔት የወረደ ዘለላና "የቢቸና ጤፍ" የሚል ጽሑፍ ብቻ የያዘ ነጋዴ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ዘለላው የሌሎችም ነው፣ ስሙም የአገር ስም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስትጥር ተቃዋሚዎቿ ያነሡት አንዱ ክርክር ይኸው ነበር፤ ስሞቹ የቡናን ዓይነትና ቦታ ከመግለጽ አያልፉም የሚል። ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መንግሥት እንኳን እንዲያ የደከመበትን ነገር አንድ ነጋዴ ብቻውን አይወጣውም። የራሱ የሆነ፣ ተሞክሮ የተገኘ ቅርጽ ካለው ግን መንገዱ ያጥርለታል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለቢቸናና ለሞጣ የሚበጀው የሙከራው መንገድ ነው፤ ነገር ግን በሁለተኛው ወገን ልጓም የተያዘ ሙከራ። ማሰብ ይቅደም፤ ድርጅቱ ምንድን ነው፣ ደንበኛው ማን ነው የሚለው ሳይመለስ እርሳስ አይነሣ። ከዚያ በፊደሉ፣ በጥቁር፣ በትንሹ ልክ ብዙ ይሞከር። ከሁለት በላይ አይታይ። ለባንክና ለአየር መንገድ ሌላ ሥርዓት ሊስማማ ይችላል፤ ስለ እነሱ እየተናገርኩ አይደለም።

ሎጎ ልታሠሩ ያሰባችሁ የሁለቱ ከተሞች ነጋዴዎችና ማኅበራት፣ ለዲዛይነሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጡት፤ የሎጎውንም ዋጋ ከባነሩ ለይታችሁ ክፈሉት። ሥራው ሲመጣም ከስልኩ ላይ ብቻ አይታችሁ አትቀበሉ፤ በወረቀት ላይ፣ በማኅተም ልክ፣ በአንድ ቀለም አትሞ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።